እስከ አይሻ ተዉኝ

እናትአለምን «ጠንካራ ሴት ናት» ሲሏት ደሜ ይፈላል። ደሜ ሲፈላ ደግሞ ዝም ማለት አልችልበትም፤ ጅግጅጋ ውስጥ የሚያውቀኝ ሁሉ ይህን ያውቃል። በቀደም አንዲት ልጅ ከአዲስ አበባ መጥታ በየሴቱ ቤት እየዞረች «ክፉ ቀንን እንዴት ተቋቋማችሁት?» እያለች ስትጠይቅ ሰነበተች። ስለ እናትአለም ከሰው ሰምታ ኖሮ እኔ ዘንድ መጣች። እናትአለም አልነበረችም፤ ደገሀቡር ሠርግ ነበረና ድንኳን አስጭና ሄዳለች። «እትዬ አትጠገብ፣ ይህን ሁሉ ጥንካሬ ከየት ያመጡት ይመስልዎታል?» አለችኝ። «ከገበያ ገዝታው ይሆናላ!» አልኳት። ልጅቷ ክው አለች። ኋላ አሳዘነችኝ፤ ምን ታድርግ፣ የታዘዘችውን ነው። ቁጭ በይ አልኳትና ነገርኳት። ያን ቀን ለሷ የነገርኳትን ነው አሁንም የምናገረው።

እኔ በርበሬና ሽሮ እያዘጋጀሁ የምሸጥ ሴት ነኝ። ከእናትአለም ጋር የሚለየን አንድ ግድግዳ ነው። አያቷ ወታደር ሆነው መጥተው እዚሁ የቀሩ ናቸው፤ አባቷም እሷም የተወለዱት ጅግጅጋ ነው። «አገርሽ የት ነው?» ሲሏት «እዚህ» ትላለች። «ማለቴ ዋናው አገርሽ?» ይሏታል። «ዋናውም እዚህ ነው» ትላቸዋለች፣ ወንበሯን እየወለወለች።

ሥራዋ ድንኳን ማከራየት ነው። ድንኳን፣ የፕላስቲክ ወንበር፣ ትልልቅ ድስት። ለሠርግም ለለቅሶም፣ ለክርስቲያኑም ለሙስሊሙም። ሥራው ከሸክሙ ሌላ የራሱ ጣጣ አለው። እንደምታውቁት በኛ ወግ ሩቅ አገር ሰው ሲሞት ለቤተሰቡ ወዲያው አይነገርም። ሽማግሌና ጎረቤት ተማክሮ፣ ድንኳን አዘጋጅቶ፣ ማለዳ በር ያንኳኳል፤ መርዶ የሚረዳው እንደዚያ ነው። የእድራችን የራሱ ድንኳን ከተቃጠለ ወዲህ ደግሞ የሚከራየው ከእናትአለም ነው። እንግዲህ አስቡት፤ መርዶውን ከባለቤቱ በፊት የምታውቀው እሷ ናት። ነገ ጠዋት እናቷን የምታጣ ሴት ዛሬ ገበያ ላይ ስለ ቲማቲም ስትከራከር ታገኛታለች፣ ሰላም ብላት ታልፋለች። «የሚከብደኝ ወንበሩ አይደለም አትጠገብ፣ ይሄ ነው» ትለኝ ነበር።

ሶማሌዎቹ ግን አያለባብሱም። ሞት በስልክም ቢሆን ቀጥ ብሎ ይነገራል፤ ከዚያ «ሳሚር» ይባላል። ታገሽ፣ ቻይው፣ ጽናቱን ይስጥሽ እንደ ማለት ነው። የሚመለሰው «አሚን» ነው። እናትአለም ለቅሶ ቤት ድንኳኗን ተክላ ስትጨርስ ሒሳቧን ተቀብላ የምትሄድ ሴት አይደለችም። ወደ ሴቶቹ ትገባና በእያንዳንዷ ፊት ጎንበስ ብላ «ሳሚር» ትላለች። በዚህ ከተማ ያላለቻት ሴት ያለች አይመስለኝም።

አንድ ልጅ ነበረቻት፤ ሳምራዊት። ሳምሪ ነው የምንላት። የግመል ወተት የምታመጣልን ሆዶ በዚህ ስም ስትስቅ ትውል ነበር። «አባዮ» ትላታለች እናትአለምን፣ እህቴ ማለቷ ነው፣ «አንቺ ልጅሽን ከደጅ ስትጠሪ ለቅሶ የደረስሽ ነው የሚመስለው! ሌላ ስም ጠፍቶ ነው?» ሳምሪም ከውስጥ ትቀበልና «ሆዶ፣ ጽናቱን ይስጥሽ!» ትላታለች። ሳቂታ ልጅ ነበረች። ቀጭን፣ ረጅም፣ ድንኳን ስታጥፍ ገመዱ እግሯ ላይ የሚጠመጠምባት።

ሐምሌ 2010 መጨረሻ ላይ ከተማችን ላይ የሆነውን ሁሉ አልተርክም። ያየ አይቶታል፤ ያላየ ደግሞ በኔ ወሬ አያየውም። የእናትአለም መጋዘን ተቃጠለ። የፕላስቲክ ወንበር ሲቃጠል አመድ አይሆንም፣ ቀልጦ መሬቱ ላይ ይጋገራል፤ ኋላ በዶማ ነው ያነሣነው። እሷና ሳምሪ ሆዶ ቤት ነበሩ። ሆዶ ሁለቱንም ሶማሌ እንዲመስሉ የራሷን ጋርባሳር አከናንባ ከልጆቿ መሃል አስቀምጣቸው፣ እሷ ደጃፏ ላይ ወንበር አውጥታ ተቀመጠች። የመጣውን ሁሉ በአፏ መለሰችው። የሆዶ አፍ ከኔም ይብሳል።

ነገሩ ሲበርድ ባሏ የጌታሁን «እንሂድ፣ ከእንግዲህ እዚህ ኑሮ የለም» አለ። አልፈርድበትም፣ ብዙ ሰው ሄዷል። እናትአለም «አባቴ የተቀበረው እዚህ ነው፣ ደንበኞቼም እዚህ ናቸው፣ የት ነው የምሄደው?» አለችው። «እንግዲያው አዳማ ደርሼ አይቼ ልምጣ» ብሎ ሄደ። እስከ ዛሬ እያየ ነው! እዚያ አግብቶ ወልዷል አሉ። የጌታሁን… ስሙን ስጠራው እንኳ አፌን ይመረኛል።

ታዲያ ሰዉ «ወዲያው ተነሣች» እያለ ያወራል። ወዲያው! የትኛው ወዲያው? እኔ ነበርኩ አጠገቧ። ያ የቀለጠ ፕላስቲክ ላይ ተቀምጣ ትውል ነበር። ፀጉሯን አትታጠብ፣ እህል አትቀምስ። እየተቆጣሁ አጎርሳታለሁ፣ አፏ ውስጥ ይዛው ትቀመጣለች። ያስነሣት ጥንካሬ አይደለም፤ አንዱ ድንኳን ነው። ቃጠሎው ጊዜ ሸደር ከተማ ለሠርግ ተከራይቶ ስለ ነበር ተርፏል። ባለ ሠርጉ በጭነት መኪና ይዞላት መጣና «ይቅርታ፣ ጎኑ ተቀዷል» አላት። ቀና ብላ የተቀደደውን አየች። ከዚያ «ሳምሪ፣ መርፌ አምጪ» አለች። ያን ቀን ነው ድምፅዋን እንደገና የሰማሁት።

እናትና ልጅ ያንን ድንኳን ሰፉት። ከዚያ ሌላ ሸራ ገዙ፣ እሱንም ሰፉ። ሌባ እንዳይወስደው እያንዳንዱ ሰማያዊ ሸራ ላይ «እናትአለም ድንኳን» ብለው ከስልክ ቁጥሯ ጋር በነጭ ቀለም ጻፉበት። ከተረፈው ቁራጭ ሳምሪ በጀርባ የሚታዘል ቦርሳ ሰፋች፤ ስሙና ቁጥሩ በደንብ የሚታይበትን በኩል ወደ ውጪ አድርጋ። «ኧረ ልጄ ሰው ይስቅብሻል!» ስትላት እናቷ፣ «ማስታወቂያ ነው እማዬ፣ በነፃ እየሠራሁልሽ ነው» አለቻት።

ደግሞ ኮሮና መጣ። ሠርግ ቀረ፣ ለቅሶም በሩቁ ሆነ፤ ድንኳን ማን ይከራያል? ትልልቆቹን ድስቶች አውጥታ ባቄላ እየቀቀለች ለቀን ሠራተኛ ትሸጥ ጀመር። እጇ በእንፋሎቱ ተላላጠ። አንድም ቀን አላማረረችም፤ ይህም ሌላ ጥፋት ነው እላለሁ እኔ። ብታማርር ኖሮ ምናልባት ልጅቷ ትሰማ ነበር።

ሳምሪ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨረሰች፣ ውጤቱ አልመጣላትም። ቤት ተቀመጠች። ስልኳ ላይ ከሳዑዲ የሚላክ ፎቶ ታያለች፣ የእናቷን እጅ ታያለች። ከዕለታት አንድ ቀን «ደገሀቡር አንድ ሱቅ ውስጥ ሥራ አግኝቻለሁ» አለች። እናትአለም ስንቅ ቋጥራ፣ መኪና ተራ ድረስ ሸኝታ ተመለሰች። ሳምንት ሳይሞላ ስልክ ተደወለ። እኔ እዚያው ነበርኩ።

«እማዬ እንዳትቆጪኝ። አይሻ ነኝ» አለች ሳምሪ።

ደገሀቡር ወዲህ፣ አይሻ ወዲያ! አይሻ ማለት ደግሞ የጅቡቲ ደጃፍ ነው። ከዚያ ወዲያ ባሕሩ ነው፣ ከባሕሩ ወዲያ የመን። የሚያሻግራት ደላላ አብሯት ኖሮ ከኋላ የሚያጣድፋት የወንድ ድምፅ ይሰማል።

«ሳምሪ! ተመለሺ! አሁኑኑ ተመለሺ!»

«እማዬ አልቅሰሽ አታስለቅሺኝ። ደርሼ እደውልልሻለሁ። አንቺ እንደሆነ ትችይዋለሽ። ሁሉን ችለሽ የለ?»

«አልችልም!» ብላ ጮኸች እናትአለም። «ማን ነው እችላለሁ ያለሽ? አልችልም ሳምሪ! አልችልም!»

ስልኩ ግን ተዘግቶ ነበር። እኔ ጠንካራ የሚባለውን ቃል የጠላሁት ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው። ልጅቷን ያስኬዳት ድህነት ብቻ አይደለም። እናቷ የማትሰበር መስላት ነው የሄደችው፣ እኛ ሁላችን እንደዚያ እያልን ስላሳደግናት።

ከዚያ በኋላ ዝም። ወር መጣ፣ ወር ሄደ። እናትአለም ስልኳን በክር አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ነው ወንበር የምትሸከም፣ የምታጥብ፣ የምትተኛ። መብራት ሲጠፋ ልብሷን እንኳ በቅጡ ሳትለብስ ስልኳን ቻርጅ ልታስደርግ ጄኔሬተር ያለው ሱቅ ትሮጣለች። ለቅሶ ቤት ድንኳን ትተክላለች፣ ወደ ሴቶቹ ግን መግባት ተወች። ያን ቃል ከአፏ ማውጣት አቃታት።

ከፋሲካ በኋላ ነው፣ ረፋድ ላይ። እኔ በርበሬዬን ፀሐይ ላይ አስጥቻለሁ። ሆዶ ወተቱን ቀድታልኝ ተቀምጣለች። እናትአለም ወንበር እያጠበች፣ እጇ እስከ ክንዷ ሳሙና ነው። ስልኩ ጮኸ። ሆዶ አየት አደረገችና «የጅቡቲ ቁጥር ነው!» አለች። እናትአለም እጇ ስለ ራሰ አንገቷን ብቻ ሰጠቻት፤ ሆዶ ተጭና ድምፁን ለሁላችን ከፈተችው።

ሽማግሌ ነው። በሶማልኛ፣ ፈጠን ፈጠን እያለ ያወራል፤ ንፋስ ይሁን ባሕር ከኋላው ይጮኻል። የኔ ሶማልኛ የገበያ ነው፤ የያዝኩት ሁለት ቃል ብቻ ነበር። አንዱ «አይሻ» ነው። ሌላው መጨረሻ ላይ ያለው፣ ረጋ ብሎ ያለው፣ «ሳሚር» የሚለው።

«ሳምሪ?» አለች እናትአለም። «ሳምሪ ነው ያልከኝ?»

ሰውዬው ቃሉን የደገመችለት መሰለው መሰለኝ፣ «ሳሚር፣ ሳሚር» አላት መልሶ።

እልል አለች! በሳሙና እጇ አፏን ይዛ እልልታዋን አቀለጠችው። «አይሻ ናት! ስሟን ጠራው እኮ፣ ሰማችሁ? ልጄ አይሻ ናት!» ብላ አቅፋኝ ልብሴን በአረፋ አራሰችው። የሰፈሩ ሴት ሁሉ እልልታውን ሰምቶ ወጣ። እኔም፣ ጅሏ፣ ተቀብያት እልል ልል ነበር። የሆዶን ፊት ሳይ ነው ምላሴ የታሰረው።

ሆዶ ጎትታ ከግድግዳው ኋላ ወሰደችኝና ነገረችኝ። ሰውዬው ጃማ ይባላል፣ ዓሣ አስጋሪ ነው። ጀልባ ተገልብጦ ባሕሩ ሰዎች ተፍቷል፤ እሱና የሰፈሩ ሰዎች ናቸው የቀበሯቸው። አንዷ ልጅ ጀርባዋ ላይ የታሰረ ሰማያዊ ቦርሳ ነበራት። ቁጥሩ እሱ ላይ ነው የተገኘው። አይሻ ያገባች ልጅ ስላለችው በሚቀጥለው ሳምንት ሊጠይቃት ይመጣል፣ ቦርሳውንም ይዞት ይመጣል። ይህን ተናግሮ ነው «ሳሚር» ያላት።

«ንገሪያታ!» አልኳት።

«አንቺ ንገሪያት! የናንተን ወግ መች ሳላውቀው፣ እናንተ በሽማግሌ ነው የምትነግሩት» አለች ሆዶ፣ ጋርባሳሯን አፏ ውስጥ ጠቅጥቃ እያለቀሰች።

ወደ ግቢው ስንመለስ እናትአለም የሳምሪን አልጋ አውጥታ ፀሐይ ላይ ታሰጣለች። እኔም ሄጄ ፍራሹን አብሬያት አራገፍኩ። እንዴት ነው ግን፣ እላለሁ በሆዴ፣ የሷ ሶማልኛ እኮ ከኔ በስንት እጅ ይሻላል! ያን ቃል ስንት ዓመት ሙሉ ስትለው የኖረች ሴት እንዴት ሳታውቀው ትቀራለች?

ጋሽ ባስልዮስ የእድራችን ዳኛ ናቸው። ሄጄ ነገርኳቸው። ወጉ ወግ ነው፣ ሰው ተሰብስቦ ይንገራት ተባለ። እሺ፣ ድንኳኑስ ከየት ይምጣ? ለመርዶዋ የሚሆነው ድንኳን ያለው እሷ ቤት ነው።  በመጨረሻ ጋሽ ባስልዮስ ራሳቸው ሄዱ፤ እኔም ተከትዬ ደጅ ቆምኩ።

«ለነገ ጠዋት አንድ ድንኳን ፈልገን ነበር፣ ወይዘሮ እናትአለም።»

«ለማን ነው?»

«ለ… ለአንድ ሰው ነው። ሩቅ ነው የሆነው።»

እናትአለም አየቻቸው። እንዲህ እየተንተባተቡ ስንት ጊዜ እኮ መጥተው ያውቃሉ፣ እሷ ዘንድ። «ድንኳኔ ተይዟል ጋሽ ባስልዮስ» አለች። «የቱ?» «ሁሉም።» ድንኳኖቹ ተጣጥፈው ከጀርባዋ ተደርድረዋል። ጋሽ ባስልዮስ አይተዋቸዋል፤ ማየታቸውንም እሷ አይታለች። «እሺ ልጄ» ብለው ወጡ፣ ዓይናቸውን በመዳፋቸው እየጠረጉ። «አወቀች እንዴ?» አልኳቸው። «እኔ እንጃ አትጠገብ፣ እኔ እንጃ» አሉኝ።

በሳምንቱ አይሻ ልትሄድ ተነሣች። ብቻዋን ትሂድ? እኔና ሆዶ ተከተልናት። አዲስ ቀሚስ ገዝታለች፣ ጫማ፣ የፀጉር ቅባት፤ ዳቦ ደፍታ በጨርቅ ጠቅልላለች። ከጅግጅጋ ሐረር፣ ከሐረር ድሬዳዋ ሚኒባስ ውስጥ ያላወራችው የለም። ሳምሪ ሕፃን ሳለች የወንበር ቁልል ላይ ወጥታ እንዴት እንደ ወደቀች፣ ሙሽራ ሳይቀመጥ የሙሽራው ወንበር ላይ እንዴት እንቅልፍ እንደ ወሰዳት። እያወራች ትስቃለች። አጠገባችን የነበረ መንገደኛ «ልጅዎን ሊቀበሉ ነው? እንኳን ደስ ያለዎት» አላት። «እንኳን አብሮ ደስ ያለን» አለችው። እኔ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ፤ ወይ ጉድ፣ እንባዬ አልቆም አለኝ።

ከድሬዳዋ ወደ አይሻ ስንሄድ ሆዶ አልቻለችም። እጇን ያዘቻትና «አባዮ፣ ስሚኝ። ሰውዬው ያለው ሳምሪ አይደለም። ሰውዬው…»

«አውቃለሁ» አለች እናትአለም።

ሆዶ ጋርባሳሯን ወደ አፏ ወሰደች።

«ሶማልኛ ልታስተምሪኝ ነው? ጀልባውንም ሰምቻለሁ፣ ቦርሳውንም ሰምቻለሁ። ሁሉንም ሰምቻለሁ።» ድምፅዋ ከፍ አላለም፣ እጇንም ከሆዶ እጅ አላወጣችም። «እስከ አይሻ ተዉኝ። እለምናችኋለሁ። እስከዚያ ልጅ አለኝ።»

መኪናው ይሄዳል፣ ያ ደረቅ ሜዳ አያልቅም፣ ሙቀቱ በመስኮት ይገባል። እኔ ነኝ አፌን የከፈትኩት። «ጫማው ግን ልኳ ይሆናል?» አልኳት።

ዞር ብላ አየችኝ። አመሰገነችኝ፣ በዓይኗ። «ሰፋ ያለ ነው የገዛሁላት። ብዙ ስለሄደች እግሯ አብጦ ይሆናል» አለች።

«ጥሩ አድርገሻል» አልኳት። «ክፍት ጫማ ነበር የሚሻለው እንጂ!» አለች ሆዶ፣ እያለቀሰች። እንዲህ እያልን፣ ስለ ጫማ፣ ስለ ፀጉሯ፣ ስትመለስ ምን እንደምትሠራ እየተነጋገርን አይሻ ገባን።

አይሻ ነፋሷ ይጮኻል። የጭነት መኪናው ተሰልፎ ቆሟል፣ የባቡር ሐዲዱ ወዲያ ይታያል። የጃማ ልጅ ቤት መንገዱ ዳር ነው። ሽማግሌው ጢማቸውን ሂና ተቀብተዋል፤ ሲያዩን ከተቀመጡበት ተነሡ። ገብተው ቦርሳውን አመጡላት። ሰማያዊው ወይቧል፣ ስፌቱ ላይ ጨው ደርቋል። እናትአለም ተቀብላ ጉልበቷ ላይ አድርጋ ቁጥሩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ድምፅዋን አውጥታ አነበበችው። የራሷን ቁጥር፣ እንደማታውቀው ሰው ቁጥር።

«የት አስቀመጧት አደር?» አለቻቸው በሶማልኛ፤ ሽማግሌ አደር ይባላል። ሆዶ ትተረጉምልኛለች። ማዕበሉ ከማይደርስበት ከፍ ያለ ቦታ ነው አሏት። «ዙሪያዋን ድንጋይ ደርድረንላታል። ሃይማኖቷን አላወቅሁም፤ ስለዚህ እኔ የማውቀውን ጸሎት ጸለይኩላት፤ ቅር እንዳይልሽ» አሏት። እናትአለም ጎንበስ ብላ እጃቸውን ሳመች። ዳቦውን ለቤቱ ሰዎች አስቀመጠች። ቀሚሱንና ጫማውን ግን ቦርሳው ውስጥ ከታ በጀርባዋ አዘለችው። እንባ አልወጣትም። ጅግጅጋ እስክንገባ ቦርሳውን ከጀርባዋ አላወረደችም።

ድንኳኗን ሰፈሩ ተከለው። ወንዶቹ ልምድ የላቸውም፣ አንዱ ገመድ ላልቶ ነበር፤ ከፍራሹ ላይ ተነሥታ ሄዳ አጠበቀችውና ተመልሳ ተቀመጠች። ሰዉ ጎረፈ። አባ ጸለዩ፣ ሴቶቹ አለቀሱ። እሷ ደረቅ ዓይኗን ተክላ ትቀመጣለች። እንደ ቃጠሎው ጊዜ እህል ሳጎርሳት አፏ ውስጥ ይዛው ትቀራለች። ፈራሁ፤ በእግዚአብሔር እላለሁ፣ ከዚህኛው የምትመለስ አልመሰለኝም ነበር።

የሶማሌ ጎረቤቶቻችን፣ የወተት ሻጮቹ፣ ለሠርጋቸው ድንኳን የተከለችላቸው፣ ለሟቾቻቸው ያለቀሰችላቸው፣ ሁሉም መጡ። የስልኩ ታሪክ ግን ከተማውን ሞልቶት ነበር። ስለዚህ ሆዶ ድንኳኑ በር ላይ ቆማ የሚገባውን ሁሉ ታስጠነቅቃለች፤ ያን ቃል እንዳትሉ፣ የልጅቷን ስም ይመስላል፣ ትሰበራለች ትላለች። እነሱም ይገቡና በተሰባበረ አማርኛ «እግዜር ያጥናሽ» ይሏታል። አንዳንዶቹ መንገድ ላይ ሲለማመዱት መጥተዋል። እናትአለም ለማንም አትመልስም፤ የእያንዳንዱን አፍ አፍ ታያለች።

በሦስተኛው ቀን አንዲት አሮጊት ገቡ። ባላቸው ሲሞቱ እናትአለም ነች ድንኳን የተከለችላቸው። ከፊቷ ቆመው አማርኛው ጠፍቷቸው ሲንተባተቡ፣ እናትአለም ብድግ አለች።

«ምን አድርጌአችሁ ነው?» ብላ ጮኸች። «ሁላችሁም ቤት መጥቻለሁ! ሁላችሁንም ብያችኋለሁ! እኔን ለምንድን ነው የማትሉኝ? ልጄ መቃብሯ ሩቅ ነው፣ መስቀል የለው፣ የተጻፈበት የለው። ስሟን እንኳ የሚጠራልኝ ሰው ይጥፋ?»

ከበሩ ሆዶ እየተጋፋች መጣች። ፊቷ ላይ በጉልበቷ ተንበረከከችና ሁለት እጇን ያዘቻት።

«ሳሚር፣ አባዮ» አለቻት። «ሳሚር።»

እናትአለም «አሚን» ልትል አፏን ከፈተች። የወጣው ግን ለቅሶ ነው። ያ ሁሉ ወር፣ ያ ሁሉ መንገድ፣ ያ ሁሉ መቻል አንድ ላይ ወጣ። መሬት ላይ ወደቀች፤ ልናነሣት ስንል «ተዉኝ፣ በሉ፣ በሉልኝ» አለች። አሮጊቷ ጎንበስ ብለው «ሳሚር» አሏት። ከኋላቸው ያለችው አለቻት። ከሷ ኋላ ያለችውም። ክርስቲያኖቹም ተሰልፈው ማለት ጀመሩ፤ እኔም አልኩ፣ ጋሽ ባስልዮስም ነጠላቸውን አደግድገው መጥተው አሉ። እሷ ለእያንዳንዳችን እያለቀሰች «አሚን» ትላለች። እስኪመሽ ድረስ እዚያ ድንኳን ውስጥ የልጅቷ ስም ሲጠራ ዋለ።